አዳዲ ማርያም፣ ከነድመቴ

ሐሙስ፣ ኅዳር 19 ቀን 2017

የዚህ ወር የማርያም ጽዋ ተረኛ አክስቴ ናት። ከሳምንት በፊት ደውላ «ልጄ፣ የኅዳር ማርያም እኔ ጋ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ቢሮሽ ከፈቀደልሽ መጥተሽ አግዢኝ» አለችኝ። የዓመት እረፍቴም ተጠራቅሞ ስለነበር ወዲያው እሺ አልኩ። ችግሩ ሚጡ ነች። ሚጡ ድመቴ ናት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያደገች፣ ከበረንዳ ውጪ ሌላ ዓለም የማታውቅ። ሌላ ጊዜ የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ደግሞ ለጽዮን ማርያም አክሱም ልትሄድ ሻንጣዋን ሸክፋለች። በቃ ሚጡም ትሂድ ተባለ። የልብስ ቅርጫት ውስጥ ፎጣ አነጠፍኩላት፣ ከላይ ሌላ ቅርጫት ደፋሁበትና ዙሪያውን በሲባጎ አሰርኩት፣ ስታለቅስ ስታለቅስ ዓለም ገና ደረስን።

ከዓለም ገና የቡታጅራ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ቅርጫቱን አይቶ «እህት፣ በጾም ዶሮ ይዘሽ ወዴት ነው?» አለኝ። ድመት ናት ስለው ተሳፋሪው በሙሉ ዞረ። ከኋላ የተቀመጡ እናት «ድመት ይዞ መንገድ! ወይ ጉድ» ብለው አማተቡ፣ አጠገቤ የነበረው ልጅ ግን በቅርጫቱ ቀዳዳ ጣቱን እያስገባ እስከ አዋሽ ድረስ ሲያጫውታት ሄደ። ረዳቱ በመጨረሻ «የእቃ ትከፍያለሽ» አለ፣ ከፈልኩ፣ ምን ላድርግ።

መንገዱ በዚህ ወር ያምራል። ዓለም ገናን ለቀቅ ሲሉ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፣ ገሚሱ ታጭዷል ገሚሱ ገና ቆሟል፣ ሰው በደቦ ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፣ አልፎ አልፎ ክምር ይታያል። በስተግራ ርቆ ዝቋላ ይታያል፣ አናቱ ደመና ለብሶ። መልካ አዋሽ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም ሎሚ ገዛሁ፣ ከዚያ ከዋናው አስፋልት ወርጄ ወደ ቀኝ ወደ አዳዲ በሚገባው ጥርጊያ መንገድ በባጃጅ ቀጠልኩ። ስለ አቧራው ባልናገር ይሻላል። እኔም ሚጡም ስንደርስ አንድ ዓይነት ቀለም ሆነናል።

የአክስቴ ቤት የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ከጀርባው ሳር ክዳን ያላት ኩሽና አለች፣ ከኩሽናው ቀጥሎ ጎተራ፣ ከጎተራው ቀጥሎ በረት። ግቢው በር ላይ ቡላ ተቀበለን። ቡላ ውሻቸው ነው፣ መልኩ ቡላ ስለሆነ ነው ስሙ፣ ጆሮው አንዱ የተቆረጠ፣ ሲጮህ አገር የሚያናውጥ ሲጠጉት ደግሞ ጭራውን የሚቆላ። ሚጡ ቅርጫቱ ገና ሲፈታ ዘላ ቁምሳጥን ላይ ወጣችና እስከ ማታ አልወረደችም። አክስቴ አየት አደረገቻትና «አይጥ ትይዛለች?» አለችኝ። አይጥ አይታም አታውቅም አልኩ። «እንግዲያ ምን ትሠራለች?» አለችኝ ከልቧ ተገርማ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ ሽሮ በላን። ጾም ስለሆነ የላሟ ወተት ለቅቤ ይጠራቀማል፣ ሆኖም አክስቴ አንድ ሲኒ ቀንሳ ቁምሳጥኑ ሥር አስቀመጠች፣ «እንሰሳ አይጾምም» ብላ። ጋሼ (ባሏን ጋሼ ነው የምንለው) ከደጅ ሆኖ «ቡላስ?» አለ። ቡላም የሽሮ ፍትፍቱን አገኘ።

አርብ፣ ኅዳር 20

ጠዋት ሥራው ሳይጀመር ቤተክርስቲያኑን በደንብ ላየው ፈለግሁ፣ ምክንያቱም ነገ ሰው ሲሞላ ምንም አይታይም። ልጅ ሆኜ መጥቼ ነበር ግን የማስታውሰው ጨለማውንና የእጣኑን ሽታ ብቻ ነው። ጋሼ አብሮኝ ወጣ፣ ወደ ማሳ መሄጃው በዚያው ስለሆነ፣ ቡላም ሳይጠራ ከኋላችን ተከተለ።

አዳዲ ማርያምን ለማያውቅ ሰው፤ ከሩቅ የሚታይ ነገር የለም። ዛፍ አለ፣ አጥር አለ፣ ከዚያ ሜዳ ነው። ጠጋ ሲሉ ነው መሬቱ ተቦርቡሮ ቤተክርስቲያኑ ከታች የሚታየው፣ ጣሪያው እኛ ከቆምንበት መሬት ጋር እኩል ነው። ላሊበላን ያየ ሰው አሠራሩን ወዲያው ያውቀዋል፣ ከላይ ወደ ታች ከአንድ ድንጋይ የተፈለፈለ፣ ዙሪያውን በጠባብ ቦይ የተከበበ። እንደ ላሊበላዎቹ ግን ልስልስ ያለ አይደለም፣ ግድግዳው ጎርባጣ ነው፣ መስኮቶቹ እኩል አይደሉም፣ የመሮው ምልክት እዚህም እዚያም ፊት ለፊት ይታያል። እኔ እንደውም ይሄን ነው የወደድኩት። ላሊበላ ስሄድ አፌን ከፍቼ ነበር የማየው፣ እዚህ ግን የሠራተኛው ክንድ ይታየኛል፣ እዚህ ጋ ደክሞታል፣ እዚህ ጋ ድንጋዩ ጠንክሮበታል እያልኩ።

የአካባቢው ሰው የሚለው ንጉሥ ላሊበላ ዝቋላ ድረስ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ለማየት በመጣ ጊዜ ነው ያሠራው ነው፤ 12ኛው ወይም 13ኛው ክፍለ ዘመን መሆኑ ነው። ከፍልፍል ቤተክርስቲያኖቻችን ወደ ደቡብ ርቆ የሚገኘውም ይሄው ነው ይባላል። ድንጋዩ የእሳተ ገሞራ አመድ ጠጥሮ የሆነ ለስላሳ ዓይነት ነው፣ ለመፈልፈል ይመቻል፣ ያው ግን ዝናብና ሥር ቶሎ ይጎዳዋል። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ በስዊዘርላንድ እርዳታ ተጠግኗል።

በሩ ላይ ደርሰን ቡላ ቆመ። ማንም አላለውም። ጋሼም ዞር ብሎ አላየውም። አጥሩ ጥግ ዛፍ ሥር ሄዶ ተኛና አፍንጫውን በእግሮቹ መሃል ቀበረ። ውሻ ቤተክርስቲያን ግቢ ገባ ማለት ምን ዓይነት ጣጣ እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጸበሉ፣ ጸሎቱ፣ የሰው ወሬው። ቡላ ይሄን ከየት ተማረው ብዬ ጋሼን ጠየቅሁት። «ቡችላ ሆኖ አንዴ በድንጋይ ተምሯል» አለኝ በአጭሩ።

ጫማችንን አውልቀን በሴቶቹ በኩል ገባሁ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ዓይን እስኪለምድ ትንሽ ይቆያል። መሃሉ ላይ መቅደሱ አለ፣ ዙሪያውን እንደ ኮሪደር ያለ ነገር ይዞራል፣ ምሰሶዎቹ ወፍራም ናቸው፣ ከመስኮቶቹ የሚገባው ብርሃን መሬቱ ላይ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ ያርፋል። አንድ ወጣት ዲያቆን በሞባይሉ መብራት እያሳየኝ ዞረ፣ እንደ ጋይድ በቃሉ የያዘውን ሳይሆን የጠየቅሁትን ብቻ ነበር የሚመልሰው፣ አሪፍ ልጅ ነው። ምንጣፉ ጥግ ላይ ሳይ አንድ ግራጫ ድመት ተጠቅልላ ተኝታለች። ደነገጥኩ፣ ሚጡ ተከትላኝ መጣች ብዬ። ዲያቆኑ ሳቀ፣ «የኛ ናት፣ አይጥ ጧፉንም ብራናውንም ስለሚበላ ነው» አለኝ። ለውሻው በድንጋይ፣ ለድመቷ በምንጣፍ ማለት ነው። ስንወጣ ይሄን ለጋሼ ነገርኩት፤ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለና እየሳቀ ወደ ማሳው ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥራ ልጽፈው ብል አያልቅም። ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፣ ምስር ለቀምኩ። አክስቴና ሁለት ጎረቤቶቿ ድፎ ዳቦውን ለነገ አቦኩ፣ ኮባው ከጓሮ ተቆረጠ፣ ጠላው ቀድሞ ተጠምቋል። አክስቴ ቅዳሴ እስኪወጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀመሰችም፣ ቅምሻው ሁሉ የኔ ሥራ ሆነ፣ «ጨው በቃው?» «በቃው» «በርበሬውስ?» እያልን። ኔትወርክ የለም፣ ቻርጅም አልቋል፣ መብራት ከትናንት ጀምሮ ሄዷል፣ የሚገርመው አልናፈቀኝም።

ማታ ላይ ሚጡ ወረደች። ሳሎን ግድግዳው ላይ ከካላንደሩ አጠገብ የአቦ ሥዕል አለ፣ አንበሶቹና ነብሮቹ በግራና በቀኝ እግራቸው ሥር የቆሙበት። ከሥዕሉ በታች ያለችው መደብ ላይ ሄዳ ተዘረጋች፣ ቡላ ደግሞ በሩ መድረክ ላይ፣ ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጪ። ጋሼ ወደ ሥዕሉ እያሳየ ለትንሹ ልጃቸው «አቦ እኮ ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር ነበራቸው፣ አንተ አንድ ውሻ ማብላት ያቅትሃል» ይለዋል። ልጁ ቡላን አልመገበም ተብሎ ነበር ነገሩ የተጀመረው። ልጁም ቀበል አድርጎ «አቦ ግን ቤተክርስቲያን ከነአንበሳቸው ነው የሚገቡት፣ ቡላ ለምን ይከለከላል?» አለ። አክስቴ ከምጣዱ ሳትነሳ ነው የመለሰችው። እመቤታችን በረሃ ውስጥ የተጠማ ውሻ አይታ በወርቅ ጫማዋ ውሃ ቀድታ አጠጥታዋለች አለች፣ «እሷ ካልናቀችው አንተም አትናቀው፣ ምግቡን ስጠው፣ መግባቱን ግን የሚከለክለው ሥርዓት ነው፣ እዚያ ላይ አትከራከረኝ»። ልጁ ተነስቶ ፍትፍቱን ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ሌሊቱን ማህሌቱ እስከ ቤት ይሰማ ነበር። ከበሮው በደንብ ይመጣል፣ ዜማው ነፋስ ሲፈቅድ። አክስቴ በአስር ሰዓት ሌሊት ተነስታ ሄዳለች፣ እኔ ድፎው እንዳያርር ጠብቂ ተብዬ ቀረሁና ንጋት ላይ ከልጁ ጋር ተከተልኳት።

ትናንት ባዶ የነበረው ሜዳ ነጭ ሆኗል። በአማርኛም በኦሮምኛም ነው ሰው ሰላምታ የሚለዋወጠው፣ አንዲት እናት በኦሮምኛ ጀምራ በአማርኛ መርቃኝ አለፈች። ቦዩ ውስጥ መግባት አልተቻለም፣ ሰዉ ጣሪያው ዙሪያ ቆሞ ወደ ታች እያየ ነው የሚያስቀድሰው፣ እኔም ከላይ ቆምኩ። ይሄን ነገር የትም አላየሁም ማለት እችላለሁ፣ ቤተክርስቲያኑን ከላይ እያዩ፣ የካህናቱን ጥምጥምና የጥላውን አናት እያዩ ማስቀደስ። ጭሱ ከሥር ወደኛ ይወጣል። አንድ ሁለት ቱሪስቶች ካሜራ ይዘው መጥተው ነበር፣ አንዱ ለፎቶ ሲል ጠርዙ ላይ ሲጠጋ አንድ ሽማግሌ በቀስታ በዘንጋቸው መለሱት።

ቡላ? ዛፉ ሥር። እሱ ብቻ አይደለም ደግሞ፣ አምስት ስድስት ውሾች አጥሩ ጥግ ላይ ተኝተዋል፣ የየባለቤታቸውን መውጣት የሚጠብቁ። ቅዳሴው ሲያልቅ እያንዳንዱ ተነስቶ የራሱን ሰው ከዚያ ሁሉ ነጠላ መሃል ለይቶ ተከተለ።

ከዚያ ቤት። አምስት ሰዓት ላይ ማህበርተኛው መጣ፣ አባቶች መጡ። የንስሃ አባታቸው ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ ጽዋው ዞረ። እንግዳው ሁሉ መደቡ ላይ ሲደረደር ሚጡ ከቁምሳጥኑ ወርዳ የሁሉንም እግር አሽታ አሽታ መጨረሻ ላይ ሄዳ የት ብትተኛ ጥሩ ነው? አባ ጭን ላይ። እኔ አፍሬ ላነሳት ስል አባ በእጃቸው ከለከሉኝና ንግግራቸውን ቀጠሉ፣ ድመቷ ጋቢያቸው ውስጥ ገብታ ታንኮራፋለች፣ እሳቸው ስለ ጾም ይመክራሉ። ከማህበርተኞቹ አንዷ «የአዲስ አበባ ድመት ቄስ ታውቃለች ማለት ነው» ብትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ምግቡ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሱፍ ፍትፍት። ሱፉን እኔ ነኝ የወቀጥኩት፣ ይመዝገብልኝ። እኔ ወጥ አቅራቢ ሆኜ ስዞር ያየሁት ነገር ቢኖር ሰዉ ስለ ቤተክርስቲያኑ የሚያወራው እንደ ጎረቤት ቤት ነው። ቅርስ፣ ታሪክ፣ ላሊበላ የሚል ቃል አንድ ሰው አፍ ላይ አልሰማሁም። ውሃ የሚወርድበት ቦይ በክረምቱ አፈር ሞልቶታል፣ ከጥምቀት በፊት ወንዶቹ ወጥተው ይጥረጉት፤ የእቃ ቤቱ ቁልፍ ይቀየር፤ የመብራት ሒሳብ ማን ከፈለ። እኔ ትናንት የመሮ ምልክት እያየሁ ስደመም ነበር፣ እነሱ ዛሬ አካፋ የሚያመጣ ሰው እየቆጠሩ ነው። ስምንት መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ይመስለኛል፣ ጥገናውም ረድቶ ይሆናል ግን አፈር የሚጠርግ ሰው በየዓመቱ ባይኖር ኖሮ ቦዩ ዛሬ ጉድጓድ ሆኖ ነበር።

መጨረሻ ላይ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ተሰጠ፣ እልል ተባለ፣ አክስቴ እፎይ አለች። ትርፍራፊው ለቡላ ተሰበሰበ። ማታ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ሳልበላ ተኛሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 22

ከቅዳሴ መልስ ተነሳሁ። አክስቴ ሚጡን ለመነችኝ፣ ያቺ የድሮ ድመታቸውን ጅብ ከበላት ወዲህ አይጥ ጎተራውን እንዳልነበረ አድርጎታል አለች። እንቢ አልኩ። በምትኩ ግማሽ ድፎና አንድ ጠርሙስ ኑግ ዘይት አስያዘችኝ፣ እንቢ ያልኳት እኔ ስጦታ የተቀበልኩትም እኔ።

ትንሹ ልጅ እስከ መልካ አዋሽ ሊሸኘኝ መጣ፣ ምክንያቱ ሌላ ነው፣ መልካ ቁንጥሬን ሙዚየም አስገቢኝ ብሎ ነው። ትምህርት ቤታቸው ልትወስዳቸው ነበር ቀረ። ገባን። አዋሽ ዳር ነው፣ በጎጆ ቅርጽ የተሠሩ ትናንሽ ቤቶች ውስጥ ከቦታው የተቆፈረው የጥንት ሰው ዕቃ ሁሉ ተደርድሯል። ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው አንድ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ነው፣ ከዚያ በኋላ ፈረንሳዮችና ጣልያኖች ለዓመታት ቆፍረውታል፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ ከባልጪት ጋር ሆኖ ዩኔስኮ መዝግቦታል። ባልጪት ማለት ያ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ነው፣ መስታወት የመሰለው፣ ሰፈሩም በሱ ነው የሚጠራው። የድንጋይ መጥረቢያዎቹ ደረታቸው ላይ የተመታበት ጠባሳ ይታያል፣ ልጁ «ይሄም በመሮ ነው?» አለኝ። በሌላ ድንጋይ ነው አልኩት።

ከሁሉ ግን እሱን ያስያዘው የእግር ዱካው ወሬ ነው። እዚሁ አካባቢ 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው ጭቃ ላይ የትልልቅ ሰዎችና የሕፃናት ዱካ ተገኝቷል፣ አንድ ሁለት ዓመት የሚሆናቸው ሁሉ አሉበት፣ እዚያው አጠገብ የጉማሬና የሌሎች አውሬዎች ኮቴ። ትልልቆቹ ሥጋ ሲበልቱና ድንጋይ ሲጠርቡ ሕፃናቱ አብረዋቸው ነበሩ ማለት ነው፣ ጉማሬውም እዚያው ውሃው ዳር። ልጁ ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ቆየና «የውሻ የለም?» አለ። አስጎብኚው ውሻ ያኔ ገና ከሰው ጋር መኖር አልጀመረም አለው። «እና ማን ይጠብቃቸው ነበር?» አስጎብኚው መልስ አጣ፣ ሳቀና ትከሻውን ነቀነቀ።

ልጁን በባጃጅ መልሼ ላክሁት፣ እኔና ሚጡ ሚኒባስ ስንጠብቅ አንድ ሰዓት ጸሐይ መታን።

መሄድ ለምትፈልጉ፤ ከአዲስ አበባ ማልዶ የተነሳ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይችለዋል፣ ግን ማደር ይሻላል። በ21 ከሄዳችሁ ሰዉን ታያላችሁ፣ ውስጡን አታዩም፣ ውስጡን ለማየት በአዘቦት ቀን ሂዱ። ነጠላ ያዙ፣ የእጅ ባትሪ ያዙ፣ ሲወርዱ ደረጃው ያንሸራትታል፣ የመግቢያውን ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ባጃጁን ደግሞ መመለሻውንም ጨምራችሁ ተዋዋሉ፣ ከሰዓት በኋላ ከአዳዲ ወደ አስፋልቱ የሚወጣ ብዙ አይገኝም።